ከሥራ በኋላ፦ በአራምኮ የነዳጅ ካምፖች የዕለት ኑሮ፣ ዕረፍትና አጥር (1933–1957)

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የነዳጅ ዘይት ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የነገሥታትና የኩባንያዎችን ስምምነት፣ የበርሜሉን ቁጥር፣ የዋጋውን መውጣትና መውረድ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ዝቅ ያለ ይመስላል። ያን ዘይት ለማውጣት ከቤታቸው ርቀው በበረሃ የሰፈሩ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ የት ይሄዱ ነበር? ምሽቱን በምን ያሳልፉት፣ ከማንስ ጋር ይቀመጡ ነበር?

ጥያቄውን የመረጥኩት ለጨዋታ አይደለም። ሰው በከተማ ሲሠራ ደመወዙን ይዞ ይወጣና ዕረፍቱን ራሱ ይገዛል፤ ቡና ቤት አለ፣ ዘመድ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አለ። በሩቅ ካምፕ ግን የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ የሚዝናናበትን ሁሉ የሚያቀርበው አሠሪው ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ዕረፍት የደመወዝ አካል ይሆናል። ዕረፍት በማዕርግ ሲከፋፈል ደግሞ ሠራተኛው ያንን ክፍፍል ከደመወዝ ሰነዱ ይልቅ በየምሽቱ በዓይኑ ያየዋል። የንግግሬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። የምመረምረውም በምሥራቅ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኋላ አራምኮ ተብሎ በታወቀው ኩባንያ ካምፖች የነበረውን ኑሮ ነው። ካልተገለጸ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ምንጮቹ

ለዚህ ጥናት ከተጠቀምኩባቸው ምንጮች ሦስቱን አስቀድሜ ልጥቀስ። አንደኛው ቶማስ ባርገር የተባለው አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት ከ1937 እስከ 1940 ከበረሃ ለባለቤቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ባርገር በኋላ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቅቷል፤ ደብዳቤዎቹ ግን የአንድ አዲስ ሙሽራ ደብዳቤዎች ናቸውና ስለ ምግብ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ምሽት ወግ ይናገራሉ። ሁለተኛው ዋለስ ስቴግነር የተባለው ደራሲ በ1950ዎቹ አጋማሽ በኩባንያው ጥያቄ የጻፈው ታሪክ ነው። መጽሐፉ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1971 ነው። ሦስተኛው አብዱልራህማን ሙኒፍ በ1984 ያሳተመው «የጨው ከተሞች» የተሰኘ ልብ ወለድ ሲሆን፣ የካምፑን መተከል ከአገሬው ሰው ወገን ሆኖ ይመለከታል።

ደብዳቤ፣ ኩባንያ ያስጻፈው ታሪክና ልብ ወለድ እኩል ምስክሮች አይደሉም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሦስቱም ስለ ሥራው ከሚለያዩት ይልቅ ስለ ዕረፍቱ ሲናገሩ ይበልጥ ይለያያሉ። ይህ ልዩነት ራሱ ማስረጃ ነው።

የድንኳኑ ዘመን

የሳዑዲ መንግሥትና የካሊፎርኒያ ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ የፍለጋውን ስምምነት በጅዳ የተፈራረሙት ግንቦት 29 ቀን 1933 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የመጀመሪያዎቹ ጂኦሎጂስቶች ከባህሬን በጀልባ ተሻግረው ጁበይል በተባለችው የባሕር ዳርቻ መንደር ወረዱ። በዚያን ጊዜ አጥር የለም፤ ድንኳን፣ ግመልና ጥቂት መኪኖች ብቻ ናቸው ያሉት። ከጂኦሎጂስቶቹ ጋር በንጉሥ አብዱልአዚዝ መንግሥት የተመደቡ ጠባቂዎችና መንገድ መሪዎች ይጓዙ ነበር።

ከመሪዎቹ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የአጅማን ጎሳ ተወላጅ የሆነው ኸሚስ ኢብን ሪምሳን ነው። ኮምፓስ ሳይዝ በረሃውን የሚያነብ፣ አንድ ጊዜ የረገጠውን ስፍራ የማይስት ሰው እንደነበረ ሁሉም መስክረውለታል። ከሞተ በኋላ አንድ የነዳጅ መስክ በስሙ ተሰይሟል።

በዚያ ዘመን ምሽት ማለት እሳት ዙሪያ መቀመጥ ነበር። ቡናው ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ስኒው በቀኝ በኩል ይዞራል። የጠፋ ግመል ታሪክ፣ የጎሳ ጠብና ዕርቅ፣ የአደን ወሬ ይነገራል። ባርገር ዓረብኛውን ያዳበረው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሲውልና ሲያመሽ ነው። ይህን ስል ዘመኑን አሳምሬ ለማቅረብ አይደለም። አሜሪካዊውና ባደዊው እኩል ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የሚበሉትም ብዙ ጊዜ የተለያየ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ያዛል። ይሁን እንጂ የመዝናኛው ባለቤት ኩባንያው አልነበረም። ቡናውም ወጉም የአገሬው ሰው ነበር፤ እንግዳው ጋባዥ ሳይሆን ተጋባዥ ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ልብ እንበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ካምፑ ሰፈር ሲሆን

መጋቢት 1938 በደማም ሰባተኛው ጉድጓድ ከ1,400 ሜትር በላይ ከተቆፈረ በኋላ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 1 ቀን ንጉሡ ራሳቸው ራስ ታኑራ ወደብ ተገኝተው የመጀመሪያው የነዳጅ መርከብ ሲጫን ተመለከቱ። ከዚያ ወዲያ ዳህራን ድንኳን መሆኑ ቀረ።

የአሜሪካውያኑ ሰፈር ቀስ በቀስ ከካሊፎርኒያ ተነቅሎ የተተከለ መንደር መሰለ። ከ1937 ጀምሮ የሠራተኞች ሚስቶች መጡ፤ ከዚያም ልጆች፣ ትምህርት ቤት፣ የአትክልት አጥር ተከተሉ። ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ቤቶች፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሲኒማ፣ የቴኒስ ሜዳና መዋኛ ገንዳ ተሠራ። የጎልፍ ሜዳም ነበር፤ ሣር በማይበቅልበት አገር ኳሷ የምትንከባለልበትን አሸዋ በዘይት እየረጩ ያጠነክሩት ነበር።

ኩባንያው ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን አወጣ? መልሱ ቸርነት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የአሜሪካውያኑ ውል በተለምዶ የሁለት ዓመት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ፈቃድ ይሰጣቸዋል። አንድ የቁፋሮ ባለሙያ ሁለት ዓመቱን ሳይጨርስ ተሰላችቶ ቢመለስ፣ ሌላ ሰው ቀጥሮ ከግማሽ ዓለም ማዶ ማምጣት ትልቅ ወጪ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ በነፋሱ አሸዋ ከጥርስ በማይጠፋበት ስፍራ ገንዳውና ሲኒማው ሰውን በሥራው ላይ የሚያቆዩ መሣሪያዎች ነበሩ። ልክ እንደ ቧንቧውና እንደ ፓምፑ የምርት መሣሪያ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ኩባንያው ያላቀረበውን ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው ፈጠሩ። በ1952 የሳዑዲ መንግሥት አልኮል ወደ አገር እንዳይገባ ለውጭ ዜጎችም ጭምር ከከለከለ በኋላ፣ በአሜሪካውያኑ ቤቶች ውስጥ ከስኳርና ከእርሾ የሚጣራ መጠጥ ተስፋፋ። ስሙን «ሰዲቂ» አሉት፤ በዓረብኛ «ወዳጄ» ማለት ነው። አረቄ ማውጣት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የታሪክ ትርጉሙ ግን ይህ ነው፤ የተከለከለው ነገር በአጥሩ ውስጥ በዝምታ ይታለፍ ነበር፤ አጥሩ የሚከፋፍለው ሰውን ብቻ ሳይሆን ሕግንም ነበር።

ጦርነቱና ከአስመራ የመጡት

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ አካባቢ ይጠጋል። ጥቅምት 1940 አራት የኢጣልያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከሮድስ ደሴት ተነሥተው ባህሬንንና ዳህራንን ደበደቡ። የደረሰው ጉዳት አነስተኛ ነበር። አውሮፕላኖቹ ወደ መጡበት አልተመለሱም፤ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በኤርትራ ጠረፍ፣ በጥንቱ አዱሊስ አጠገብ በምትገኘው ዙላ አረፉ። ከዚህ በኋላ ሴቶችና ልጆች ወደ አገራቸው ተላኩ፤ በዳህራን የቀሩት አሜሪካውያን ቁጥራቸው አንድ መቶ ገደማ ብቻ ሆነ። ስቴግነርም ያንን ጊዜ የመቶ ሰዎች ዘመን ብሎ ይጠራዋል።

በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ሁኔታው ተገለበጠ። ኩባንያው በ1944 አራምኮ የሚለውን ስም ያዘ፤ በራስ ታኑራም ትልቅ የዘይት ማጣሪያ ለመሥራት ተነሣ። ግንበኛ፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ መካኒክ፣ አናጢ በአስቸኳይ አስፈለገ። በሌላ በኩል እንግሊዞች ኤርትራን ከያዙ ከ1941 ወዲህ በአስመራ ሥራ የፈቱ ብዙ የኢጣልያ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለዚህ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ኢጣልያውያን ከኤርትራ ተቀጥረው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሮም መንግሥት አውሮፕላኖች የደበደቡትን ካምፕ የሮም ተገዢዎች በእጃቸው ሊገነቡ መጡ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች በአስመራ የገዥው ወገን ነበሩ። ከተማው ሲከፋፈል የተሻለው ሰፈር፣ የተሻለው ሲኒማና ቡና ቤት የእነርሱ ነበር። በራስ ታኑራ ግን ለብቻቸው በተከለለ ካምፕ ሰፈሩ፤ ደመወዛቸውም ከአሜሪካውያኑ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ትናንት አጥሩን ከውስጥ ያዩት ሰዎች ዛሬ ከውጭ አዩት። ከእነርሱ ሌላ ከሕንድና ከፓኪስታን፣ ከ1948 በኋላም ከፍልስጥኤም የመጡ ሠራተኞች «መካከለኛ» በሚባለው ደረጃ ታቅፈው የየራሳቸው መኖሪያ ተሰጣቸው።

ከአጥሩ ማዶ

ከሁሉ በታች የነበሩት በቁጥር የበዙት ሳዑዲዎቹ ሠራተኞች ናቸው። ከቀጢፍና ከአል-አሕሳ የቴምር እርሻዎች፣ ከጎሳ ሰፈሮች፣ በ1930ዎቹ ሥራቸው ከተዳከመባቸው የሉል ጠላቂዎች መካከል የመጡ ነበሩ። በአገራቸው ምድር ላይ ቢሆኑም ለእነርሱም ካምፑ ስደት ነበር። መጀመሪያ የኖሩት «ባራስቲ» በሚባሉ ከዘንባባ ቅጠል በተሠሩ ጎጆዎች ነው። ቤተሰብ ይዞ መግባት አይፈቀድም ነበርና የሳዑዲ ካምፕ የወንዶች ብቻ ሰፈር ነበር። አሜሪካዊው ማታ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ሲገባ፣ የቀጢፉ ሰው ቤተሰቡን ለማየት የዕረፍት ቀኑን መጠበቅ ነበረበት።

የአሜሪካውያኑ ሲኒማና መዋኛ ገንዳ ለሳዑዲዎቹ ዝግ ነበሩ። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አብረው ቧንቧ ሲያጠብቁ የዋሉ ሁለት ሰዎች በበሩ ላይ ይለያያሉ። በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ የነዳጅ ሚኒስትርና ከኦፔክ መሥራቾች አንዱ የሆነው አብደላ አል-ጠሪቂ፣ በቴክሳስ ተምሮ ሲመለስ በአሜሪካውያኑ ሰፈር ከኖሩት የመጀመሪያዎቹ ሳዑዲዎች አንዱ ነበር። በዚያ ያየው የመገለል ኑሮ ለኩባንያው በነበረው አቋም ላይ አሻራውን ጥሏል።

ሳዑዲዎቹ ግን ዕረፍት አልባ አልነበሩም። በካምፑ አቅራቢያ አል-ኾባር የተባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር በፍጥነት የሱቅና የቡና ቤት ከተማ ሆነች። በቡና ቤቶቹ ሬዲዮ ነበር፤ ከ1953 ጀምሮ ደግሞ ከካይሮ የሚተላለፈው «የዓረቦች ድምፅ» የዓረቡን ዓለም ጆሮ ያዘ። እዚህ ላይ ወደ ድንኳኑ ዘመን እንመለስ። ያኔ አሜሪካዊው ተጋባዥ ሆኖ የተቀመጠበት የቡና ክብ ከሃያ ዓመት በኋላ ተዘርግቶ እናገኘዋለን፤ አሁን ግን አሜሪካዊው የለበትም። ወጉም ስለ ጠፋ ግመል ሳይሆን ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ሆኗል።

ጥቅምት 1953

የሠራተኞቹ ተወካዮች በ1953 ለኩባንያው ያቀረቡት ጥያቄ ደመወዝን፣ መኖሪያን፣ ትምህርትንና መጓጓዣን፣ እንዲሁም የተወካዮቹን ኮሚቴ ዕውቅና የሚመለከት ነበር። መሪዎቹ ሲታሰሩ ጥቅምት 17 ቀን አድማ ተመታ። ከ15,000 ገደማ ሳዑዲ ሠራተኞች ከ13,000 የማያንሱት ሥራ አቆሙ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጉድጓዱና ማጣሪያው ያለ እነርሱ ቆየ፤ መንግሥትም ወታደር አሰማርቶ አካባቢውን ተቆጣጠረ። ከአድማው በኋላ የደመወዝ ጭማሪና የኑሮ ማሻሻያ ተደረገ፤ ሠራተኛው በማኅበር የመደራጀት መብት ግን አላገኘም። በ1956 ንጉሥ ሳዑድ ዳህራንን ሲጎበኙ ሰልፍ ከተደረገ በኋላ በሰኔ ወር በወጣ ንጉሣዊ ዐዋጅ አድማ ጨርሶ ተከለከለ።

ከእነዚህ ዓመታት ጎን ለጎን ኩባንያው ለሳዑዲዎቹ የሚሆን መዝናኛ ማቅረብ ጀመረ። በ1953 «ቃፊላት አል-ዘይት» የተባለው የዓረብኛ መጽሔት ወጣ። መስከረም 1957 ደግሞ የኩባንያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከዳህራን በዓረብኛ ማሰራጨት ጀመረ። እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው፤ የተደራጀው የቡና ቤት ወግ ያስከተለውን የተረዳ አሠሪ፣ ምሽቱን እንደገና የራሱ ለማድረግ ሞከረ። መደራጀት ተከልክሎ ሥዕል በሳጥን ቀረበ።

አንድ ተቃውሞ

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ መነሣትም አለበት። ካምፖቹ የተለያዩት በሃይማኖትና በአገሩ ሕግ ምክንያት አይደለምን? ሲኒማም ሆነ ሴትና ወንድ አብረው የሚዋኙበት ገንዳ በሳዑዲ ሥርዓት ነውር ነበር፤ መንግሥቱም ዜጎቹ እንዲገቡበት አይፈልግም ነበር። ይህ እውነትነት አለው። ኩባንያውም ራሱን ሲከላከል ይህንኑ ያነሣ ነበር።

ሆኖም ምክንያቱ ነገሩን ሁሉ አይሸፍንም። ከአስመራ የመጡት ኢጣልያውያን ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሲኒማም ገንዳም በሃይማኖታቸው አልተከለከለም፤ ካምፓቸው ግን ለብቻ ነበር። የዘንባባ ጎጆ ደግሞ ከየትኛውም ሃይማኖት ትእዛዝ አይመነጭም። ወደ ሌላ አህጉር ዞር ብለን ብናይ፣ አሜሪካውያን ከ1904 እስከ 1914 የፓናማን ቦይ ሲቆፍሩ ሠራተኞችን «በወርቅ» እና «በብር» የክፍያ መዝገብ ከፋፍለው ነበር። ክበቡ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የተሻለው መመገቢያ «የወርቅ» ለተባሉት ነጭ አሜሪካውያን ነበር፤ ከባርቤዶስና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ጥቁሮች «የብር» ነበሩ። በፓናማ የእስልምና ሕግ አልነበረም፤ አጥሩ ግን ነበረ። እንግዲህ የአገሩ ሥርዓት አጥሩን አጽንቶት ይሆናል፤ ንድፉ ግን ከሰዎቹ ጋር በሻንጣ የመጣ ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ታሪክ የሩቅ ሰዎች ወሬ አድርጋችሁ እንዳትሰሙት አደራ እላለሁ። ዛሬ ያ የባሕረ ሰላጤ ምድር ለብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን የሥራ ስፍራ ነው። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160,000 ይበልጡ ነበር። ብዙዎቹ እህቶቻችን በቤት ሠራተኛነት የተቀጠሩ ናቸው። የቤት ሠራተኛዋን ኑሮ በዛሬው መለኪያችን ብንመዝነው ምን እናገኛለን? ምግቧ፣ መኝታዋ፣ መውጫዋና መግቢያዋ በአሠሪዋ እጅ ነው። የአንድ ሰው ካምፕ ልንለው እንችላለን። የራስ ታኑራው ሰው ቢያንስ ማታ አብሮት የሚቀመጥ ባልንጀራ ነበረው፤ ቅሬታውን የሚያካፍልበት የቡና ቤት ነበረው። የ1953ቱ አድማ ያለዚያ ምሽት ሊታሰብ አይችልም ነበር። የዕረፍት ቀን የሌላት ሴት የምታጣው እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ጋር ተገናኝታ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» የምትልበትን ሰዓት ታጣለች። ስለ ውጭ አገር የሥራ ስምሪት ሕግ ስንወያይ የሳምንት ዕረፍትን እንደ ትርፍ ነገር ልንቆጥረው የማይገባን ለዚህ ነው።

ለምርምርም አንድ ነገር ልጠቁም። ከስደት የተመለሰን ሰው ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ስንት ይከፈልሽ ነበር፣ ምን በደል ደረሰብህ በማለት ነው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም መልሱን አስቀድመው ያውቁታል፤ ወጉ ቶሎ ያልቃል። በሚቀጥለው የቃል ታሪክ ሥራችሁ ይህን ጨምሩበት፦ «ዓርብ ቀን የት ነበሩ? ከማን ጋር ቡና ጠጡ?» የሚመጣው መልስ አጥሩ በየት በኩል እንዳለፈና በየት በኩል ክፍት እንደነበረ ያሳያችኋል። በአገራችንም በወንጂ የስኳር እርሻ፣ በባቡር ሐዲዱ ጣቢያዎች፣ በመንገድ ሥራ ካምፖች ያለፉ አባቶችና እናቶች አሉ። እነርሱን ጠይቋቸው፤ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።